ተረፈ

በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ፣ ዋጋ የሚከራከር ሰው ነገሩን ቶሎ ይቆርጣል፤ ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናትና ጥርስ እየተንቀጫቀጨ ብዙ አያስወራም። እኔም በፋሲካ ሰሞን በግ ተራ የወጣሁት፣ ከቤት ቆጥሬ ከያዝኩት ብር ሳንቲም ላላሳልፍ ምዬ ነበር።

አንድ የመንዝ አዛውንት ጠጉሩ የረዘመ በግ ይዘው ቆመዋል። ወገቡን ጨበጥ አድርጌ፣ "አባባ፣ ስንት ነው?" አልኳቸው። እሳቸው ግን ዋጋውን ትተው ልደቱን ጀመሩልኝ። እናቱ መንታ ወልዳ ሞተች። መንትያውም በሦስተኛው ቀን ተከተላት። ይኼኛው ከልጅ ልጃቸው ጋር በአንድ ባና ተጠቅልሎ፣ በጡጦ የላም ወተት እየጠባ አደገ። "ስሙንም ተረፈ አልነው፣ ልጄ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ዋጋውን የነገሩኝ ዓይኔ መርጠቡን ካረጋገጡ በኋላ ነው።

ከጎናቸው አንድ ጎረምሳ ስልኩን ይነካካል። የእሱ በግ ላቱ የሰፋ፣ ዋጋውም በአንድ ሺህ ብር ያነሰ ነበር። ምን ያደርጋል፣ ታሪክ የለውም! ተረፈን ገዛሁት።

ልቡ የያዘውን ነገር ከዋጋው በላይ የሚገምት እኔ ብቻ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ1990 ካነማን፣ ኔች እና ታለር የተባሉ ምሁራን ለግማሾቹ ተማሪዎች የቡና ኩባያ አድለው ባሳተሙት ጥናት፣ ኩባያ የደረሳቸው ለመሸጥ የጠየቁት፣ ያልደረሳቸው ለመግዛት ከፈቀዱት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል። እጃቸው ላይ ገና ላልሞቀ ኩባያ! የመንዝ በግ ቢታደላቸው ኖሮ ክርስትና ያነሡት ነበር።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ "ስንት ገዛኸው?" አለች።

"እናቱ መንታ ወልዳ…"

"ዋጋውን ነው የጠየቅሁህ።"

ነገርኳት። እሷ ስትቆጣ ልጆቹ ታሪኩን ሰምተው ኖሮ፣ ከአልጋዬ ብርድ ልብስ ገፈው በጉን አለበሱት። ቅዳሜ ከሰዓት ቢላዋ ስስል ግን እጄን የያዘችኝ እሷው ናት። "ተረፈ ተብሎ እንዴት ይታረዳል?" ስለ አንድ ሺህ ብር ስትወቅሰኝ የሰነበተች ሴት፣ የበጉን ሙሉ ዋጋ በአንድ ስም ሠረዘችው።

ወደ በግ ተራ ሮጥኩ። ጎረምሳው አሁንም ስልኩን ይነካካል። ዋጋው ሁለት ሺህ ጨምሯል። ሌላ ነገር ሊናገር አፉን ሲከፍት፣ "ስለ በጉ አንዲት ቃል እንዳትነግረኝ!" ብዬ ሳልከራከር ቆጠርኩለት።