ቡናን በዛፉ ላይ ያየሁት ሃዋይ ነው

እማዬን ሃዋይ ልንሄድ ነው ስላት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «የማን ንግሥ ነው?»

አልፈርድባትም። ቁልቢ ሦስት ጊዜ ሄዳለች። ግሸንን በእግሯ ወጥታለች። ላሊበላ ለገና፣ አክሱም ለኅዳር ጽዮን ደርሳለች። ከእኔ በላይ አገሯን ዞራለች፣ ግን ሁልጊዜ ስለት ይዛ ነው። እኛ ቤት መንገድ የሚወጣው ለለቅሶ፣ ለሰርግ ወይም ለንግሥ ነው። ዝም ብሎ ለማየት መሄድ የፈረንጅ ሥራ ነበር።

እኔ ደግሞ ስለቱም የለኝ። አዲስ አበባ ተወልጄ አዲስ አበባ አደግሁ፣ ከዚያ ሜሪላንድ። አገር ቤት ከሸገር የወጣሁት ደብረ ብርሃን አያቴ ዘንድ፣ ሶደሬ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ለዕረፍት ስገባ ፏፏቴ ለማየት ነው። የፏፏቴውን ጉድ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሥራዬ ኡበር ነው። ዓመቱን ሙሉ ሰው ሳመላልስ ከርሜ፣ ለዕረፍት ብዬ ያን ሁሉ ሰዓት በርሬ ሄጄ ምን አደረግሁ? መኪና ተከራይቼ ነዳሁ። ባለቤቴ ይኼን እያነሳች እስካሁን ትስቃለች።

የሄድነው ትልቋ ደሴት ነው። ትክክለኛ ስሟ ራሷ ሃዋይ ነው፤ ከግዛቱ ስም ጋር እንዳይምታታ ሰዉ ትልቋ ደሴት ይላታል። ከማረፋችን በፊት አስተናጋጇ ቅጽ አደለችን። ሃዋይ የሚገባ ሰው የያዘውን ተክል፣ ፍራፍሬና ዘር ያስመዘግባል። አንዲት ትል ገብታ እርሻችንን ትጨርሳለች ብለው ይፈራሉ። ፍርሃታቸው ውሸት አይደለም፤ የቡና ቅጠል ዋግ እ.ኤ.አ. በ2020 ገብቶባቸዋል።

እኔ «ምንም አልያዝንም» የሚለው ላይ ምልክት ላደርግ ስል እማዬ ቦርሳዋን እቅፍ አደረገች። ያቺን አስተቃቀፍ አውቃታለሁ።

«ምን ይዘሻል?»

«ምንም። ትንሽ ቡና ናት።»

«የተቆላ?»

«ቡና ቆልቶ መንገድ የሚሄድ ማነው?»

ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና፣ በጨርቅ ተቋጥሮ። ጀበናዋም አለች፣ በነጠላ ተጠቅልላ።

የኮና አየር ማረፊያ ተቆጣጣሪዋ ሳቂታ ሴት ናት። ጥሬ ቡና ያለ ፈቃድ አይገባም፣ የተቆላ ቢሆን ኖሮ ችግር የለውም አለችን። ለእማዬ ተረጎምኩላት። ትንሽ አሰበችና «እሳት ካላት እዚሁ እቆላዋለሁ በላት» አለች። ይኼን አልተረጎምኩትም። ቋጠሮዋ እዚያው ቀረች። «ቡና ከእኛ ወጥቶ፣ ለእኛ ቡና ክልክል!» እያለች እስከ መኪናው ድረስ አጉረመረመች።

መኪናውን ኢንተርኔት ላይ የያዝኩት በቀን 58 ዶላር ነበር። አበባማ ሸሚዝ የለበሰው ልጅ «አሎሃ» ብሎ ጀመረና 112 ላይ አደረሰው። ኢንሹራንስ። የጎማ ኢንሹራንስ። ጎማው ሲፈነዳ ለሚመጣው ሰው ኢንሹራንስ። የራሴ አለኝ ብለው «የገሞራው ድንጋይ ስለታም ነው» ብሎ አስፈራራኝ። ከዚያ መኪናው እንዳይረግጣቸው የተከለከሉትን መንገዶች ዝርዝር ሰጠኝ።

አገር ቤት መኪና ስትከራይ ሹፌሩም አብሮ ይመጣል። ኢንሹራንስህ እሱ ነው። ከሰል ያያል፣ ይቆማል። ሽንኩርት ያያል፣ ይቆማል። ስትመለስ ሻንጣህ እግርህ ሥር ነው፣ ከሰሉ ከኋላ ተመችቶት ተኝቷል። ምሳ አብሮህ ይበላል፣ የአክስቱን ልጅ ፍቺ ከነምክንያቱ ይነግርሃል። ድሮ ያናድደኝ ነበር። ኮና ላይ ያን ሁሉ ገጽ ውል ስፈርም ከሰሉ ናፈቀኝ።

ከአየር ማረፊያው ስትወጡ ግራና ቀኙ ጥቁር ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1801 ከሁአላላይ ተራራ ፈስሶ የረጋ ገሞራ ነው፤ አየር ማረፊያውም የተሠራው እሱ ላይ ነው። ሰዎች ነጭ ኮራል እየለቀሙ ጥቁሩ ላይ ስማቸውን ይጽፋሉ። እኛ ቁልቋል ላይ በምላጭ የምንጽፈው ዓይነት፣ ልቡም ቀስቱም አለ።

ትንሽ እንደሄድን አህያ የተሳለበት የመንገድ ምልክት መጣ። አህያ ሊሻገር ስለሚችል ቀስ በሉ ነው የሚለው። እማዬ አስቆመችኝ። ለአህያ? ስልኬን ከፍቼ አነበብኩላት። ድሮ ቡናውን ከተራራ የሚያወርዱት አህዮች ነበሩ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጂፕ ሲመጣ ለቀቋቸው፣ እነሱም ዱር ገቡ። ሌሊት ስለሚያናፉ የአገሩ ሰው «የኮና ዘማሪ ወፍ» ብሎ ይቀልድባቸዋል። በኋላ ድርቅ ሲመጣ ከመቶ በላዩን በአውሮፕላን ጭነው ካሊፎርኒያ ወሰዷቸው።

እማዬ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «አህያዋን ቪዛ ስንቴ ከለከሏት?» አለች። እሷ ያገኘችው በሦስተኛው ነው።

አሁን ወደ ፏፏቴው። ኮና ደረቅ ናት፣ በማዶ ያለችው ሂሎ ዝናቧ አያባራም። ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ ከበጋ ወደ ክረምት ትገባላችሁ። እዚያ አካካ የሚባል 135 ሜትር የሚወርድ ፏፏቴ አለ። መግቢያው ለሰው 5 ዶላር፣ ለመኪና ማቆሚያ 10። ለነዋሪ ነፃ። ነዋሪውን «ካማአይና» ይሉታል፣ የምድሩ ልጅ እንደማለት ነው። መታወቂያውን ካሳየ ብዙ ሆቴልና ምግብ ቤትም ይቀንስለታል። እኔ ከፈልኩ። ፈገግ ብዬ «ማሃሎ» አልኩ፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው።

እማዬ ከኋላዬ ነበረች። «ያን ሰውዬ ታዲያ ለምን ሰደብከው?»

ያ ሰውዬ አገር ቤት፣ ስሙን የማልጠራው ፏፏቴ በር ላይ ትኬት የሚቆርጥ ነው። ለአገሬው አንድ ዋጋ፣ ለዲያስፖራ የፈረንጅ ዋጋ አለኝ። በገዛ አገሬ! ጮህኩ። ከቦርሳዬ ያረጀ የቀበሌ መታወቂያ መዥርጬ አወጣሁ። ገልበጥ አድርጎ አየና «ይቺ ቀበሌ እኮ አሁን የለችም» አለኝ። ግማሽ ሰዓት ተጨቃጨቅን። የተጣላንበት ብር ሃዋይ አንድ ሳንድዊች አይገዛም።

እውነቱን ለመናገር ሰውዬው ያደረገው የሃዋዮቹን ነው። ግን ሃዋይ ዋጋው ተጽፎ ተለጥፏል። እሱ ጫማዬን እያየ ነበር የሚቆርጠው። ለባለቤቴ ደግሞ ሌላ ዋጋ ነገራት፣ ከእኔም የባሰ። አሁንም ሳስበው ይቆጨኛል።

ማውና ኬአ የሚባለው የደሴቷ ተራራ 4,207 ሜትር ነው። ከጎብኚዎች ማረፊያው በላይ ያለው መንገድ ጠጠር ስለሆነ በኪራይ ውሌ ክልክል ነው። ስለዚህ ባለ አስጎብኚ ሚኒባስ ያዝን። ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ነዳልኝ። ብሞት አልከስም የሚል ወረቀት አስፈረመን፣ ወፍራም ጃኬት አደለን፣ በቆምን ቁጥር እንደ መዋዕለ ሕፃናት ቆጠረን። 2,800 ሜትር ላይ ሰውነታችሁ አየሩን ይልመድ ብሎ አቆመን። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው ካለ ይንገረኝ አለ። ዓይኑ እማዬ ላይ ነው። የ71 ዓመት ሴት፣ ጋቢ የለበሰች።

እማዬ ዙሪያዋን ቃኘች። «ይኼማ ደብረ ብርሃን ነው።»

ልክ ናት። ከፍታው ያው ነው። እንጦጦ እንዲያውም ይበልጠዋል። ያቅለሸለሸው እኔን ነው። ጫፍ ላይ ፀሐይ ከደመናው በታች ስትጠልቅ ሰው ሁሉ ፎቶ ያነሳል፣ እኔ ፌስታል ውስጥ አጎንብሻለሁ። አስጎብኚው ተራራው ለሃዋዮች የተቀደሰ ነው ሲል፣ እማዬ በዚያ ብርድ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር መፍታት ጀመረች። ባለቤቴ ናት ለምና ያስተወቻት።

ኪላዌያ ሄደን እሳተ ገሞራውንም አየን። አየን ከተባለ። በመኪና 30 ዶላር ነው፣ መንገዱ አስፋልት፣ አጥሩ ደህና፣ መጸዳጃው ንጹሕ። ገሞራው ግን በዚያ ቀን እረፍት ላይ ነበር። እንፋሎት ብቻ። የሥራ ባልደረባዬ፣ የኦሃዮ ልጅ፣ ኤርታሌ ድረስ ሄዶ የሚፍለቀለቀውን እሳት አይቷል። ስልኩ ላይ ያለውን ቪዲዮ ባሳየኝ ቁጥር «ያንተ አገር እኮ ነው» ይለኛል።

ቡናው ላይ ልምጣ፣ መጻፍ የጀመርኩት ለእሱ ነው።

የመጨረሻው ቀን ኮና ውስጥ የቡና እርሻ ጉብኝት ያዝን። በሰው 40 ዶላር። ቡናው እዚያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1828 ነው፣ ሚሲዮናዊ ነው ያመጣው። አስጎብኚዋ ወጣት ናት፣ ሥራዋን ትወዳለች። የጠዋት ፀሐይ፣ የከሰዓት ደመና፣ የገሞራ አፈር እያለች ትተነትናለች። አንድ ዛፍ ጥግ አቆመችንና ስለ ፍየሎቹና ስለ እረኛው ነገረችን። ፍየሎቹ ሲጨፍሩ ራሷም ጨፈር አለች።

ልጄ አፏን አልዘጋችም። «አባቴ ኢትዮጵያዊ ነው!»

የሰዉ ፊት ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አስጎብኚዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ በአንገት የሚንጠለጠለውን ቅርጫት አወለቀችና አጠለቀችልኝ። በሉ፣ እናንተ ጋ እንዴት እንደሚለቀም አሳዩን።

እኔ የቡና ዛፍ አይቼ አላውቅም። በሕይወቴ። የማውቀው በኪሎ የሚሸጠውን ነው፣ ቆሻሻው ተለቅሞ፣ ታጥቦ፣ ብረት ምጣድ ላይ። እንኳን ለቀማውን፣ ቅጠሉ እንዲህ የሚያብረቀርቅ መሆኑንም አላውቅም። ግን አሥራ አራት ሰው እያየኝ ነው። ስለዚህ እንደሚያውቅ ሰው ቅርንጫፉን ጨበጥኩና ወደ ታች ሸለቀቅኩት። ቀዩም፣ አረንጓዴውም፣ ቅጠሉም እፍኝ ሙሉ መጣ።

ዝም ተባለ። አስጎብኚዋ በትሕትና «እኛ ጋ ቀዩን ብቻ ነው የምንለቅመው፣ አንድ በአንድ» አለች። «የእናንተ ዘዴ ይለይ ይሆናል።»

አዎ ይለያል አልኩ። ምን ልበል? ጅማ እንዲህ ነው አልኩ። ጅማዎች ይቅር በሉኝ።

እማዬ በዚህ መሀል ከቡድኑ ወጥታለች። አንድ ዛፍ ሥር ቆማ ቀይ ፍሬ በጣቷ እያሻሸች ነው። ፈለቀቀችው። ከውስጡ ሁለቱ ፍሬዎች በሚያዳልጥ ነገር ተሸፍነው ወጡ። መዳፏ ላይ አድርጋ ቆየች። «ስልሳ ዓመት ቆላሁት» አለችኝ፣ «እንዲህ መንታ ሆኖ እንደሚተኛ አላውቅም።»

ከዚያ ቅምሻ ተባለ። ጠበል የሚቀመስባት የምታህል የወረቀት ኩባያ ሰጡን። አቦል የለ፣ ቶና የለ፣ በረካ የለ። ግማሽ ፓውንዱ 38 ዶላር። ርካሹን ስንጠይቅ ቅይጥ ነው አለችን። በሕጉ አሥር ከመቶ የኮና ቡና ካለበት የኮና ቅይጥ ተብሎ መሸጥ ይችላል፤ ከ2027 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው ወደ 51 ከመቶ የሚያድገው። እኛ ጋ ቅቤን ከሙዝ የቀላቀለ ሰው በቴሌቪዥን ይታያል፣ እዚህ ሰውዬው ፋብሪካ አለው። እማዬ ኩባያዋን ቀመስ አድርጋ መለሰች። «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው» አለች። ስለማይጣፍጥ ምግብ የምትለው ነው።

ከተመለስን በሦስተኛው ሳምንት ከመኪና አከራዩ ደብዳቤ መጣ። 412 ዶላር። መኪናው ሆዱ ላይ ተጭሯል ይላሉ፣ ፎቶ አያይዘዋል። የማንም መኪና ሆድ ሊሆን ይችላል፣ ጨለማ ነው። ያ ሁሉ ኢንሹራንስስ? ሆዱን አይሸፍንም፣ ገጽ 9 ላይ አለ። እኔ የኡበር ነጥቤ 4.96 ነው! ደወልኩ፣ ማሽን ነው። ጻፍኩ፣ «አሎሃ» ብሎ የሚጀምር መልስ መጣ፣ ገንዘቡ ግን ያው ነው። ከሰል የሚገዛው ሹፌር ቢሆን ኖሮ መኪናው ሥር ገብቶ አይቶ «ኧረ የድሮ ነው» ይለኝ ነበር። እስካሁን እየተጻጻፍን ነው።

እማዬ አገር ቤት ተመልሳለች። ባለፈው እሁድ ደወለች። ቡናው ዛፍ ሥር ነጠላዋን አጣፍታ የተነሳችውን ፎቶ አሳጥባ ሳሎን ሰቅላዋለች። የዕድር ሴቶች ቡና ሊጠጡ መጥተው አይተውታል።

«‹ጅማ መቼ ሄድሽ?› አሉኝ።»

«ምን አልሻቸው?»

«ጥቅምት ላይ አልኳቸው።»