የሰገነቱ እንጨት
ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ የነበረውን ባለ አንድ ፎቅ ቤት በውሃ ቀለም የሣልክበትን ሥዕል አይቼ ዓይኔ እንባ ሞላ። ያደግኩት እዚያው ጓሮ ነው። በ2016 ሰፈሩ ሲፈርስ አንድ ፎቶ እንኳ አላነሳሁም፣ እስካሁን ይቆጨኛል። የድንጋይ መሠረቱ፣ የጭቃ ግድግዳው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ እንደ ዳንቴል የተፈለፈለው የእንጨት ሰገነት፣ የአርመንና የህንድ ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው የድሮ አዲስ አበባ ቤቶች ላይ የምናውቀው፣ ሁሉም አለ። የቆርቆሮውን ዝገት ቀለሙ ሳይደርቅ እንዲፈስ መተውህ ልክ ዝናብ እንዳባራ አስመስሎታል። ደረጃው ግን በስተቀኝ ነበር። እናቴ እዚያ ቁጭ ብላ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። እባክህ፣ ቆመው የቀሩትንም ቶሎ ሣላቸው።