ጭርት ጣፋጭ በመከልከል አይራብም

ሰሞኑን በድሬዳዋ ወላጆች ዘንድ «የልጅ የራስ ጭርት የሚኖረው በስኳር ስለሆነ፣ ሐላዋና ሙሸበክ ከተከለከለ ፈንገሱ በረሃብ ይሞታል፤ መድኃኒት አያስፈልግም» የሚል ምክር በቅንነት ሲዘዋወር ተመልክቻለሁ። ጣፋጭ መቀነሱ ለጥርስ ይበጃል፤ ጭርትን ግን አያስርበውም። የዚህ ፈንገስ ዋና ምግብ ፀጉር፣ ጥፍርና የላይኛው የቆዳ ንጣፍ የተሠሩበት ኬራቲን የተባለው ፕሮቲን ሲሆን፣ ኢንዛይም እያመነጨ ይህንኑ ሰባብሮ ይመገበዋል፤ ፀጉሩ ከሥሩ ተቀንጥሶ አንዳንዴ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ የሚቀረውም ለዚህ ነው። በቁጥጥር ሥር ያልዋለ የስኳር ሕመም ካንዲዳ ለተባለ ሌላ ዓይነት ፈንገስ እንደሚያመች እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ ካንዲዳም ቢሆን በስኳር ብቻ የሚኖር ሳይሆን ብረትን ከደማችን ሄሞግሎቢን ሳይቀር የሚነጥቅ ፍጥረት ነው።

ማረጋገጥ የሚፈልግ ወላጅ ላቦራቶሪ ባለበት ጤና ተቋም፣ ከተቀነጠሰው ፀጉርና ከቅርፊቱ ተወስዶ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ በተባለ ኬሚካል ጠብታ በማይክሮስኮፕ እንዲታይለት ይጠይቅ። የራስ ጭርት የሚታከመው በባለሙያ በሚታዘዝ የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ግሪሲዮፉልቪን ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ ቅባት ካለው ምግብ ጋር ይወሰዳል። ጣፋጭ ተከልክሎ ውጤት በሚጠበቅባቸው ሳምንታት በሽታው በማበጠሪያና በኮፍያ ወደ እህትና ወንድም ይሻገራል፤ አልፎ አልፎም ፀጉር መልሶ የማይበቅልበት ጠባሳ ይተዋል።