ካርኔጊ ባለውለታ ነው ወይስ አይደለም?

ደጋፊ፦ አንድሩ ካርኔጊ በ12 ዓመቱ ከስኮትላንድ ፔንሲልቬኒያ የገባ የሸማኔ ልጅ ነው። ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ በሳምንት 1 ዶላር ከ20 ሳንቲም ይከፈለው ነበር። ከዚያ የቴሌግራፍ መልእክተኛ ሆነ። ኮሎኔል አንደርሰን የሚባሉ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ለሠራተኛ ልጆች መጽሐፍ ያውሱ ነበር፤ ልጁ ያንን ውለታ አልረሳም። በብረት ሥራ ሀብት ሲያገኝ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት አሠራ። ይህን ሰው ሆምስቴድ ባለው ፋብሪካው በፈሰሰው ደም መክሰስ ግፍ ነው። ያኔ ስኮትላንድ ነበር።

ተቃዋሚ፦ ስኮትላንድ ነበር! በቴሌግራፍ ቤት ያደገ ሰው ቴሌግራፍ አጣ? እ.ኤ.አ. በ1892 ሥራ አስኪያጁ ፍሪክ የብረት ፋብሪካውን ዙሪያ በአጥር አጥሮ ሠራተኛውን በሩን ዘጋበት። ጁላይ 6 ደግሞ 300 የፒንከርተን ጥበቃ ድርጅት ቅጥረኞች በወንዝ አስመጣ። ከሁለቱም ወገን ሰው ሞተ። ካርኔጊ ከሁለት ወር በፊት፣ የምታደርገውን ሁሉ እንደግፋለን ብሎ ጽፎለት ነበር።

ደጋፊ፦ ጥፋቱ የፍሪክ ነው። ካርኔጊ እንደ ሆምስቴድ ልቡን ያቆሰለው ነገር እንደሌለ ራሱ ጽፏል። እርስዎ ደግሞ አንዲት መስመር ይዘው እንደ ማስቲካ ያኝካሉ።

ተቃዋሚ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ፍሪክን ማን ሾመው? ልቡ ቆሰለ አሉ፤ ጥይት የመታቸውስ? ያኝካሉ ላሉኝም፣ መስመሯን የጻፋት ራሱ ካርኔጊ ነው። እስኪ ይመልሱልኝ፤ ስኮትላንድ የነበረ ሰው ትርፉስ ስኮትላንድ አልደረሰውም?

ደጋፊ፦ ስድብዎን ትቼ ወደ ቁም ነገሩ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ1898 እዚያው ሆምስቴድ የመዋኛ ገንዳና የሙዚቃ አዳራሽ ያለው ቤተ መጻሕፍት ከፈተላቸው። ማን ሌላ ባለሀብት ለሠራተኛው ይህን አደረገ?

ተቃዋሚ፦ ስድብ? ጥያቄ ነበር። ለማንኛውም የሠራተኛ ማኅበሩ ከተሰበረ በኋላ ሠራተኛው በቀን 12 ሰዓት እቶን ፊት ይቆማል። በየሁለት ሳምንቱ ፈረቃ ሲቀየር ደግሞ 24 ሰዓት በአንድ ትንፋሽ። መቼ ሊዋኝ ነው? መቼ ሊያነብ? ደመወዙን ቆርጦ በቆረጠው መደርደሪያ መግዛት ለኔ ስጦታ አይደለም።

ደጋፊ፦ መጀመሪያ ባለውለታ ነው አይደለም ተባባልን፤ አሁን ስለ ሥራ ሰዓት ሆነ። ይሁን። ቤተ መጻሕፍቱ ዛሬም ክፍት ነው። ሄደው ይዩት።

ተቃዋሚ፦ ልሂድ? ወይስ እኔም ስኮትላንድ ሆኜ ልየው?