ጎበዝ ስለሆነች ያላየናት

«አንደኛ የምትወጣ ልጅ የትኩረት ችግር ሊኖርባት አይችልም» የሚለው አልተዋጠልኝም። የኔዋ ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል ደረጃ ተለይቷት አያውቅም። ግን ቡና ጠብቂ ስላት ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉን የሚያጠፋው እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ነው፣ ጅማ ተወልዳ! ሄርማታ ገበያ ለሦስት ዕቃ ልኬያት አንዱን ረስታ ትመጣለች፤ የቤት ሥራዋን ከሌሊቱ 8 ሰዓት እያለቀሰች ትጨርሳለች። እኛ «ዝንጉ» አልናት፣ አስተማሪዎቿ «ጨዋ»። ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማነስና የመቅበጥበጥ ችግር) ሲባል የሚታየን ወንበር ላይ የማይረጋ ወንድ ልጅ ነዋ። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ በሐሳብ ጭልጥ ነው የሚሉት፤ ስለማይረብሹ ማንም ልብ አይላቸውም። «ስልክ ነው ያበላሻት» ላልከኝ ወንድሜ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቀኝ ከ12 ዓመቷ በፊት እንዴት እንደነበረች ነው። ያኔ ስልክ አልነበራትም። ኤዲኤችዲ እንዳለባት ያወቅነው ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሁለት ኮርስ ከወደቀች በኋላ ነው።