ጅቡቲን ማንም አላከራያትም

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ ስለ ባሕር በር ሲወራ አንድ ተንታኝ እንዲህ አለ፦ «ጅቡቲ ፈረንሳይ ለ99 ዓመት የተከራየችው መሬታችን ናት፤ ውሉም አልቋል። ነጻነቷ ጥይት ሳይተኮስ ከፈረንሳይ የተቸራት ስጦታ ነው።» አዘጋጁ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። «ውሉ የታለ?» ያለ ሰው የለም።

ውሉ የለማ! 99 ዓመት የሚለው ወሬ የመጣው ከባቡሩ ነው። አፄ ምኒልክ በ1894 (እዚህ የምጠቅሰው ቀንና ዘመን ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሥራ ፈቃድ ሲሰጡ ዘመኑን 99 ዓመት አደረጉት። ፈቃዱ የሐዲድ ነው፤ የአገር ኪራይ አይደለም። ፈረንሳይ የባሕር ጠረፉን ኦቦክን በ1862 ከዓፋር ባላባቶች ገዛች፤ በ1885 ከኢሳ አለቆች ጋር ተዋዋለች። ምኒልክም በ1897 ከፈረንሳዩ መልእክተኛ ከላጋርድ ጋር ድንበር ተፈራረሙ። ቤቱን ያከራየ ሰው ከተከራዩ ጋር ድንበር ይካለላል?

ደሜን ያፈላው ግን «ስጦታ» ማለቱ ነው። በነሐሴ 1966 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደጎል ጅቡቲ ሲገቡ የጠበቃቸው የነጻነት መፈክር የያዘ ሰልፈኛ ነው። ሰው ሞተ። ፈረንሳይ በመጋቢት 1967 የሚደረግ ሕዝበ ውሳኔ ጠራች። በሺዎች የሚቆጠሩ ሶማሌዎች እየታፈሱ ተባረሩ። ከተማዋ ዙሪያዋን በእሾህ ሽቦ ታጠረች፤ ፈንጂም ተቀበረ። በሌሊት ሾልኮ ልግባ ሲል እዚያው ሽቦው ሥር የቀረ አለ። በዚህ ሁኔታ የተሰጠው ድምፅ ሲቆጠር 60 በመቶው «ከፈረንሳይ ጋር» ተባለ። ግዛቱም «የዓፋርና የኢሳ የፈረንሳይ ግዛት» የሚል ስም ወጣለት። ሁለቱ ወንድማማቾች በጎሪጥ እንዲተያዩ ታስቦ የወጣ ስም ነው!

ፈረንሳይ ይህን ሁሉ ለማድረግ ልቡን ከየት አገኘች? ከእኛ ነው። በዚያው 1966 ጃንሆይ «ፈረንሳይ ከወጣች ጅቡቲ የኢትዮጵያ ናት» የሚል አቋማቸውን በአደባባይ ተናገሩ። ሞቃዲሾም በበኩሏ «የእኔ ናት» ትል ነበር። ፓሪስ ከዚህ በኋላ ምን ቀራት? «እኔ ከሄድኩ ጎረቤቶቻችሁ ይውጧችኋል» ማለት ብቻ። ዓፋሩ ሞቃዲሾን ፈራ፤ ኢሳው አዲስ አበባን ፈራ። ፈረንሳይ በሁለቱ ፍርሃት ላይ ተደላድላ አሥር ዓመት ጨመረች። የእኛ ምኞት ባይኖር ያ ሽቦ ባልታጠረ ነበር። የዛሬው ተንታኝ የሚደግመው ያንኑ ምኞት ነው፤ ያኔ ማንን እንደጠቀመ እንኳ አልገባውም።

ባቡሩ ጅቡቲን ማሳደጉን አልክድም። ግን የባቡሩ ገንዘብ በአብዛኛው የፈረንሳይ ነበር። ሐዲድ የባለቤትነት ካርታ ከሆነ ድሬዳዋን ለማን ልናስረክብ ነው?

ግንቦት 8 ቀን 1977 ከ98 በመቶ በላይ የሆነው መራጭ ነጻነትን መረጠ። ሰኔ 27 ቀን ሐሰን ጉሌድ የአዲሲቱ አገር ፕሬዚዳንት ሆኑ። እንግዲህ ይህን ነው ስጦታ የሚሉት።

ወደብ ያስፈልገናል፤ በዚህ አልከራከርም። የሚገኘው ግን በድርድር፣ በታሪፍና በፊርማ ነው። በስቱዲዮ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጎረቤትን አገር «ውሉ አልቋል» ማለት ቀላል ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ግን በማግስቱ ድንበሩ ላይ ባለው ጋላፊ ኬላ ወረቀቱን ይዞ የሚሰለፈው የከባድ መኪና ሹፌር ነው።