የናይሮቢ ፕላን ለሞምባሳ ቤት

እህቴና ባሏ ሞምባሳ ቤት አሠሩ። ፕላኑን የሠራው ግን ናይሮቢ ያለ አርክቴክት ነው። ናይሮቢ እኮ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ነው! ማታ ሹራብ ይለበሳል። ሞምባሳ ባሕሩ ላይ ነች፤ ሌሊቱም ወበቅ ነው።

ሰውዬው ትልልቅ መስታወት ወደ ምዕራብ ገጠመ። ጣሪያው ከግድግዳው ብዙም አይወጣም፣ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ከሰዓት በኋላ ሳሎን መቀመጥ አይቻልም። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ ይሻግታል። የመስኮቱ ብረት ከአሁኑ ዝጓል። ጨዋማ አየር ብረት እንደሚበላ እዚያ ያለ ማንኛውም በያጅ ይነግርሃል። ኤሲው ቀን ከሌሊት ይሠራል፤ የመብራት ሂሳቡ ያስለቅሳል።

እኔን የሚያንገበግበኝ መፍትሔው ዓይናቸው ሥር መሆኑ ነው። የአሮጌው ከተማ ቤቶች ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠራ ወፍራም ግድግዳ አላቸው። ጥላ የሚሰጥ የእንጨት ሰገነትም አላቸው። የባሕር ዳር ሰው ካስካዚ የሚባለው ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ኩሲ ደግሞ ከደቡብ በኩል በየወቅቱ እንደሚመጣ ከልጅነቱ ያውቃል። መስኮቶቹን ትይዩ ከፍቶ ነፋሱን በቤቱ መሀል ያሳልፈዋል። ይህን የሚያውቅ አርክቴክት እዚያው ሞምባሳ እያለ "የዋና ከተማው ይበልጣል" ተባለ። በምን ይበልጣል? ቦታውን በሐምሌም በየካቲትም አይቶት አያውቅም፤ የሥዕሉ ማማር ብቻ!

አሁን መስታወቱ ሊነቀል፣ ጣሪያው ሊረዝም ነው። ወጪው በማን ላይ? በእነሱው ላይ። አርክቴክቱ ስልክም አያነሳም።